ስለ አንድ ሰው ብቻ የሚጽፍ መጽሔት

ሰው ደመወዝ ሳይከፈለው፥ ሹመትና ሽልማትም ሳይጠብቅ የሚሠራው ሥራ በሁለት ዓይን ይታያል። ሥራው ድኻን መርዳት ወይም ቤተ ክርስቲያንን ማገልገል እንደ ሆነ ሁሉም ያመሰግነዋል። ጥቅሙ ቶሎ የማይታይ፥ ምክንያቱም ለጎረቤት የማይገባ ሲሆን ግን ሠራተኛው «ሥራ ፈት» የሚል ስም ይወጣለታል። እኔ በዚህ ጽሕፈት ላነሣው ያሰብኩት ከሁለተኛው ወገን የሆነውን አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም ስለ አንድ ጊታር ተጫዋች ብቻ የሚጽፍ፥ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቶ በፖስታ ቤት በኩል ለአንባቢው የሚደርስ ትንሽ መጽሔት ማዘጋጀት ነው።

ዕድሜውን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የጨረሰ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በኦርጋን መዝሙር እየዘመረ ያደገ ሽማግሌ ከሮክ ጊታር ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር የዚህን ሰው ሙዚቃ ለመመዘን የሚበቃ ጆሮ የለኝም፤ ድምፁ ከፍ ሲል ደግሞ ክፍሉን ትቼ እወጣለሁ። እኔን የያዘኝ ሙዚቃው ሳይሆን የመጽሔቱ አሠራር ነው፤ ሰው የሞተን ሰው ሲወድ ፍቅሩ ምን ዓይነት መሆን እንደሚገባው ከዚህ ሥራ ብዙ ተመልክቻለሁ።

ጂሚ ሄንድሪክስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 በሲያትል ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በኋላም የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የተወለደው ከድኻ ቤት ነው፤ እናቱ በ1958፥ እርሱ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተችበት። ግራኝ ስለ ነበረ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ፥ አውታሮቹንም ፈትቶ እንደ ገና በማሰር ይጫወት ነበር። ከታወቁ ዘፋኞች ኋላ ቆሞ እየመታ ጥቂት ዓመት ከተንከራተተ በኋላ፥ ቻስ ቻንድለር የተባለ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ሰው ኒው ዮርክ ላይ አግኝቶት በሴፕቴምበር 1966 ወደ ሎንዶን ወሰደው። በዚያም ከኖኤል ሬዲንግና ከሚች ሚቸል ጋር ሦስት ሆነው ጓድ አቋቋሙ። በ1967 የመጀመሪያውን ትልቅ ሸክላ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ በተደረገው የሙዚቃ በዓል ጊታሩን በመድረክ ላይ በእሳት አቃጠለ፤ በኦገስት 1969 ዉድስቶክ ላይ ተጫወተ፤ በሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 በሎንዶን ሞተ። ዕድሜው ሃያ ሰባት ነበረ። ሎንዶን ከገባበት ቀን እስከ ሞተበት ቀን ቢቈጠር አራት ዓመት አይሞላም።

ከሞተ በኋላ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰዎች ስለ እርሱ ብቻ የሚጽፉ መጽሔቶች አቋቋሙ። ቄሳር ግሌቤክ የተባለ ሆላንዳዊ በአየርላንድ ተቀምጦ «ዩኒቫይብስ» የተባለውን ያዘጋጅ ነበር፤ በብሪታንያ «ጂምፕሬስ»፥ በካሊፎርኒያም «ስትሬት አሄድ» የሚባሉ ነበሩ። ግሌቤክ ከሃሪ ሻፒሮ ጋር ሆኖ በ1990 ያሳተመውን ትልቅ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የገለጠ ሰው፥ በመጨረሻው ላይ የተጨመሩትን የቀን፥ የቀረጻና የመሣሪያ ዝርዝሮች ሲያይ እንዲህ ያለው ትጋት ከየት ይመጣል ብሎ ይደነቃል። ከእነዚህ ስማቸው ከታወቀው በቀር፥ ከጥቂት መቶ አንባቢ ያላለፉ ትንንሾችም ነበሩ። እኔ በቅርብ ያወቅሁት ከነዚህ ከትንንሾቹ አንዱን ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የምኖረው በሲያትል፥ በልጄ ቤት ነው። በዚህ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንዳሉ የታወቀ ነው፤ በቼሪ ጎዳና የኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ይገኛሉ፤ ሄንድሪክስ የተማረበት ጋርፊልድ የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቤታችን አጠገብ የሚኖሩት ሽማግሌ በወጣትነታቸው የአየር ወለድ ወታደር፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታቸው ድረስ በፖስታ ቤት ደብዳቤ ለዪ ነበሩ። እኚህ ሰው ከ1988 እስከ 2008 ድረስ በዓመት አራት ጊዜ፥ በድምሩ ሰማንያ ቁጥር፥ ስለ ሄንድሪክስ ብቻ የሚጽፍ መጽሔት ብቻቸውን አዘጋጅተው አሳትመዋል። ሰማንያው ሁሉ በምድር ቤታቸው በካርቶን ተቀምጦ ይገኛል። የዚህ አገር የብርድ ወራት እንደ እኛ ክረምት ዝናብ የማያቋርጠው ስለ ሆነ፥ አንዱን ክረምት ካርቶኖቹን በየተራ እየተዋስኩ አነበብኩት።

በመጀመሪያ የጠየቅኋቸው ማንም የሚጠይቀውን ነው። «አራት ዓመት ስላልሞላ ሥራ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ይጻፋል?» አልኋቸው። እሳቸውም፥ «እርስዎ መምህር ነዎት፤ ስለ አንድ ሰዓት ትምህርት ስንት ሰዓት ይዘጋጁ ነበር?» ብለው መለሱልኝ።

አሠራሩን ዘርዝሬ ልናገር፤ ምክንያቱም የነገሩ ፍሬ ያለው በዚህ ነው። ጽሑፉን በኤሌክትሪክ የጽሕፈት መኪና በቀጫጭን ዓምድ ይመቱታል። ዓምዱን በመቀስ ቈርጠው፥ ከፎቶግራፉ ጋር በወፍራም ወረቀት ላይ በሙጫ ይለጥፉታል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ዘንድ ወስደው ያባዙታል፤ ወረቀቱን ማጠፍና በሽቦ መስፋት፥ አድራሻ መለጠፍና ቴምብር መምታት የሳቸውና የባለቤታቸው ሥራ ነው። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን፥ የመጽሔቱ ገጽ ቍጥር ሁልጊዜ ለአራት የሚካፈል መሆን አለበት። ሠላሳ ሁለት ገጽ ሞልቶ ሳለ አንድ መልካም ደብዳቤ ከሩቅ አገር ሲደርስ፥ ወይ ከተዘጋጀው ላይ መቀነስ፥ ወይ ደግሞ ሌላ ሦስት ገጽ መሙያ መፈለግ ግድ ይሆናል። አንድ ወረቀት መጨመር ደግሞ ክብደቱን ከፍ አድርጎ የቴምብሩን ዋጋ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ ያሸጋግረዋል። በፖስታ ቤት የሚሠሩ ሰው ስለ ነበሩ ይህን በግራም ያውቁታል፤ ቢሆንም ለፖስታ ቤቱ አንድም ቀን አንድ ሳንቲም አጉድለው አያውቁም።

ገንዘቡም የራሱ ፈተና ነበረበት። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቼክ ሲመነዘር ባንኩ የሚወስደው ክፍያ አንዳንድ ጊዜ ከቼኩ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ የውጭ አገር አንባቢዎች የወረቀት ብሩን፥ ሌባ በብርሃን እንዳያየው በካርቦን ወረቀት ጠቅልለው በደብዳቤ ውስጥ ይልኩላቸዋል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ አንባቢ አንድ ካርድ አላቸው፤ በካርዱ ላይ የከፈለው፥ የደረሰው ቁጥርና የቀረው ሒሳብ በእርሳስ ይጻፋል። የአንባቢዎቹ ብዛት በደኅናው ጊዜ አራት መቶ ይጠጋ ነበር። ትርፍ ተገኝቶ አያውቅም፤ ጉድለቱን ከደመወዛቸው ይሞሉታል። ባለቤታቸው ይህን እያዩ ስለ ሃያ ዓመቱ ምን እንዳሉ ጠይቄ ነበር፤ ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ማጠፉን ከእኔ ይልቅ እርሷ ታሳምረው ነበር» አሉኝ።

በመጽሔቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ቦታ የያዘው የቀን መዝገብ ነው። ሄንድሪክስ በየትኛው ቀን፥ በየትኛው ከተማ፥ በየትኛው አዳራሽ ተጫወተ? በዚያ ምሽት ስንት ጊዜ ወደ መድረክ ወጣ? ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በጋዜጣ የወጣ ማስታወቂያ ትዕይንቱ መደረጉን አያረጋግጥም፤ ሊሰረዝ ወይም ወደ ሌላ ቀን ሊተላለፍ ይችላልና። የመግቢያ ቲኬት ቁራጭ ከማስታወቂያ ይሻላል፤ ዳሩ ግን ቲኬቱም ከትዕይንቱ በፊት የታተመ ነው። በቦታው ነበርኩ የሚል ሰው ቃል ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ከሃያ ዓመት በኋላ ሰው ሁለት ምሽት አንድ ያደርጋል። ስለዚህ ጎረቤቴ ለእያንዳንዱ ቀን ከሦስት ምልክት አንዱን ያደርጉበታል። አንደኛው «በወረቀት ታይቷል»፥ ሁለተኛው «በሰው ተነግሯል»፥ ሦስተኛው «ይገመታል» ማለት ነው። ሦስተኛውን ምልክት ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ይህም አስደስቶኛል። ግምትን ግምት ብሎ የሚጽፍ ሰው በዚህ ዓለም ብዙ አይደለም። እኛ በልጅነታችን የተማርነው ወንጌላዊ ሉቃስ እንኳ መጽሐፉን የጀመረው ነገሩን ከሥሩ ተከታትሎ መርምሮ መጻፉን በማስታወቅ እንደ ነበረ ትዝ አለኝ።

የመጀመሪያው ገጽ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ርእሱ «እርማት» ይላል። ባለፈው ቁጥር የተሳሳተው ሁሉ፥ የቀን ስሕተትም ቢሆን፥ የፊደል ግድፈትም ቢሆን፥ ስሕተቱን ከነገራቸው አንባቢ አገር ጋር በዚያ ይወጣል። ጋዜጦች እርማትን በመጨረሻው ገጽ ከማስታወቂያ ሥር እንደሚቀብሩት የታወቀ ስለ ሆነ፥ እሳቸው ለምን በፊት እንዳደረጉት ጠየቅኋቸው። «ሰው የሚያነበው እርሱን ስለ ሆነ ነዋ» አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ ቀለም ያረምኩ ሰው ስለ ሆንኩ፥ ይህ ገጽ ከሁሉ ይልቅ ወደድኩት።

አሁን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሄንድሪክስ ኑዛዜ ሳይተው ስለ ሞተ ንብረቱ ለአባቱ ተላለፈ፤ የቀሩትም ያልታተሙ ክሮች በሌሎች ሰዎች አስተዳደር ሥር ዋሉ። በ1975 አለን ዳግላስ የተባለ የሸክላ አሳታሚ ከነዚህ ክሮች አንዳንዶቹን ወስዶ፥ ከሄንድሪክስ ጋር የተጫወቱትን የከበሮና የቤዝ ጊታር ተጫዋቾች ድምፅ አስወጥቶ፥ በምትካቸው ሌሎች የስቱዲዮ ሙዚቀኞች አስገብቶ «ክራሽ ላንዲንግ» የተባለውን ሸክላ አወጣ። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይም ራሱን ከሄንድሪክስ ጋር ደራሲ አድርጎ አስመዘገበ። ሸክላው በአሜሪካ ከብዙ ገዢዎች እጅ ገብቶ በሽያጭ ሠንጠረዥ አምስተኛ ደረጃ ደርሷል። ለዳግላስ የሚከራከሩለት ሰዎች፥ ክሮቹ ያላለቁ ስለ ነበሩ እንዲሁ ሊወጡ አይችሉም ነበር ይላሉ፤ ይህ ክርክር ፍጹም ባዶ ነው አልልም። ዳሩ ግን ሙት መልስ አይሰጥም። ባልተጫወተበት ምሽት፥ ካልመረጣቸው ሰዎች ጋር ሲጫወት የሚሰማ የሞተ ሰው፥ ይህ የኔ አይደለም ብሎ ሊከራከር አይችልም።

ስለ እርሱ የተከራከሩት እነዚህ «ሥራ ፈቶች» ናቸው። የትኛው ክር በየትኛው ቀን እንደ ተቀረጸ፥ ከበሮውን ማን እንደ መታ፥ የትኛው ድምፅ ኋላ እንደ ተጨመረ እየለዩ በየመጽሔታቸው አተሙት። በ1995 በፍርድ ቤት ከተደረገው ክርክርና ስምምነት በኋላ መብቱ ወደ አባቱ ተመለሰ፤ በ1997ም ቤተሰቡ ኋላ የገቡት ሙዚቀኞች ድምፅ የሌለበትን ቀረጻ ማሳተም ጀመረ። መጽሔቶቹ ፍርዱን አመጡት ማለቴ አይደለም፤ ፍርዱን ያመጣው ሕግና ገንዘብ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ምን ከምን እንደሚለይ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ፥ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲለይ የኖረ ሰው ተገኘ።

በዚህ ሥራ ላይ የማልወደውም ነገር አለ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ከሞተ ሰው ልብስ ቁራጭ ቆርጦ መሸጥ፥ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ክር በድብቅ አባዝቶ መነገድ በዚህ ሙዚቃ አፍቃሪዎች ዘንድ እንደ ነውር የማይቈጠርበት ጊዜ ነበረ፤ ፍቅር የሚለውን ቃል ለዚህ መስጠት ይከብደኛል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የሞቱን ሌሊት ማንጎራጎር ነው። የሞት መርማሪው ሐኪሞች ያገኙትን ሰምቶ፥ ማለት የእንቅልፍ መድኃኒት መውሰዱንና በትውኪያው መታፈኑን ሰምቶ፥ ሁኔታውን እንዲህ ነው ብሎ ለመቍረጥ ማስረጃው አይበቃም ሲል ጉዳዩን ክፍት አድርጎ ተወው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ በዚያ ክፍት በር ገብቶ መጽሐፍ ጻፈ! ጎረቤቴ የመርማሪውን ውሳኔ አንድ ጊዜ አተሙ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሌሊት የሚመጣላቸውን ጽሑፍ ሁሉ፥ «ስለ ቀናቱ ይጻፉልን» በሚል አጭር መልስ ይመልሱት ነበር።

እንግዲህ እውነተኛው ፈተና የመጣባቸው ከነጋዴም ከወሬኛም አይደለም፤ ከራሱ ከሄንድሪክስ ነው።

ሄንድሪክስ በ1961 በተሰረቀ መኪና ውስጥ ተይዞ፥ ከወህኒና ከጦር ሠራዊት አንዱን ምረጥ ቢባል ሠራዊቱን መረጠ፤ ከ101ኛው የአየር ወለድ ክፍለ ጦርም ገባ። በ1962 ተሰናበተ። ስሙ ከወጣ በኋላ ስለዚህ ሲናገር፥ በሃያ ስድስተኛው የጃንጥላ ዝላይ ቍርጭምጭሚቱ ስለ ተሰበረ በሕክምና ምክንያት እንደ ወጣ ያወራ ነበር። ጎረቤቴ ይህን ታሪክ በሁለተኛው ቁጥራቸው በሰፊው ጽፈውታል። የሚወዱት ታሪክ ይህ ነበረ፤ እሳቸውም ዘልለዋልና። አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሞ የነፋሱን ድምፅ የሰማ ሰው ያን ድምፅ ኋላ በጊታር ቢያሰማ ምን ይደንቃል ብለው፥ የሙዚቃውን ምሥጢር በዚህ ይፈቱት ነበር። ከአንባቢዎቻቸውም ብዙዎቹ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ።

ከዓመታት በኋላ የሠራዊቱ መዛግብት ለሕዝብ ተገለጡ። በመዛግብቱ የተጻፈው ሌላ ነው። አለቆቹ በሥራው ሰነፍ፥ ለትእዛዝ የማይመች፥ ልቡ ከጊታሩ ጋር ነው እያሉ እንዲሰናበት ጠይቀዋል፤ የተሰናበተውም ለወታደርነት ተስማሚ አይደለም ተብሎ ነው፤ ስንብቱ ግን በክብር ነበር። የሃያ ስድስተኛው ዝላይ ስብራት በዚያ የለም።

ሽማግሌው ይህን ባነበቡ ጊዜ ወረቀቱን ሦስት ሳምንት በመሳቢያ አቆዩት። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ባያትሙት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ ሌሎች ጋዜጦች ያወሩት ነገር ነውና እሳቸው ቢተዉት ማን ያስተውላል? በመጨረሻ ግን በመጀመሪያው ገጽ፥ «እርማት» ከሚለው ሥር፥ በቁጥር ሁለት የጻፍኩት የዝላይ ታሪክ እንደ መዝገቡ እውነት አይደለም ብለው ከነማስረጃው አወጡት። ስለ ሌላ ሰው ያለ አንድም የምሬት ቃል የለበትም፤ በስድስት መስመር አልቋል።

የመጣው ደብዳቤ ብዙ ነው፤ በካርቶን ውስጥ ስላለ አንብቤዋለሁ። አንዱ የቀድሞ ወታደር፥ ሙትን ለምን ትከሳለህ፥ ጠላቶቹ ያልበቁት ነው ወይ ይላል። ሌላው ምንም ሳይጽፍ መጽሔቱን ቀዶ መልሶታል። በሚቀጥለው ዓመት ከአንባቢዎቹ ሩቡ ያህል ሳያድስ ቀረ። ለሩብ አንባቢ ማጣት ማለት ለትንሽ መጽሔት ምን ማለት እንደ ሆነ ከላይ የሒሳቡን ነገር ያየ ሰው ይረዳዋል። ሽማግሌው ለወታደሩ የመለሱለትን ቅጂ አሳይተውኛል። የጻፉለት፥ እኔም እንዳንተ ያን ዝላይ ወድጄው ነበር፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት የወደድኩት ሰውየውን ነው ወይስ ዝላዩን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ የሚል ነው። ወታደሩ ከአንድ ዓመት በኋላ አደሰ፤ የደብዳቤ መልስ ግን አልሰጠም።

እዚህ ላይ ከጎረቤቴ ጋር የተከራከርንበትን አንድ ነገር ልጨምር። ሄንድሪክስ ከጋርፊልድ ትምህርት ቤት በ1960 ሳይጨርስ ወጣ። ስለዚህም ለጋዜጠኞች ሲናገር የነጭ ልጅ እጅ ስለ ያዘ በዘረኛነት እንደ ተባረረ ይናገር ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የነበሩት ግን ምክንያቱ ዝቅተኛ ማርክና መቅረት ነው ብለዋል። ሽማግሌው ይህንም በእርማት ገጽ አወጡት፤ ማርክና መቅረት ብለው ዘጉት። እኔ በዚህኛው አልተስማማሁም። የሠላሳ አምስት ዓመት የስም መጥሪያ መዝገብ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መዝገብ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ዐውቃለሁ። መዝገቡ ልጁ ሳይመጣ መቅረቱን በትክክል ይናገራል። ጫማ ስላልነበረው ቀርቶ እንደ ሆነ፥ እናቱ ሞታ የሚቀሰቅሰው ጠፍቶ እንደ ሆነ፥ አስተማሪው በክፍሉ ፊት አዋርዶት እንደ ሆነ ለመጻፍ ግን ዓምድ የለውም። እናቱን በዐሥራ አምስት ዓመቱ የቀበረ፥ ከቤት ቤት ሲዘዋወር ያደገ ልጅ ማርኩ ቢወድቅ፥ «ምክንያቱ ማርኩ ነው» ማለት ውጤቱን ምክንያት ማድረግ ነው። ስለ ነጯ ልጅ የተናገረው በቃሉ እውነት ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ትምህርት ቤት ያልተፈለገ መስሎ ተሰምቶት እንደ ነበረ ግን ራሱ የተናገረው ቃል ምስክር ነው።

ይህን ስላቸው ሽማግሌው ተቃወሙኝ። «የእርስዎ ነገር ደግነት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም» አሉኝ። እኔም፥ «እሱንማ ሦስተኛውን ምልክት ያድርጉበት» አልኋቸው። ሳቁ። ቢሆንም እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ እኔም ሐሳቤን አልለወጥኩም።

ይህን ሁሉ ሳነብ አሳቤ ወደ አገራችን መመለሱ አልቀረም። እኛ የሞተን ሰው ስናመሰግን ለምስጋናው እንጂ ለቀኑ አንጨነቅም። በአዲስ አበባ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሸክላ ከወጡት ዘፈኖች የዘፋኙን ስም የማያውቅ የለም፤ ከኋላው ቆመው ሳክስፎኑንና ጊታሩን ከመቱት መካከል ግን ስንቱ ስሙ ሳይጻፍ ቀርቷል! እነዚያን ሸክላዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እየሰበሰበ፥ ከታሪክ ማብራሪያ ጋር ያሳተመው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ክብር ይግባው፤ ነገር ግን ይህን የመሰለ ሥራ ከኛ ወገን ሊሠሩት ይችሉ የነበሩ አንድ ሁለት ሰዎች በየሰፈሩ አልጠፉም። ድሬዳዋ ሳስተምር የሸክላ ልባስ ላይ ቀኑን በቢክ የሚጽፍ አንድ ፀጉር አስተካካይ ዐውቅ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር። ደብተር ቢሰጠውና፥ ይህ የሚያስቅ አይደለም፥ ቀጥል ብሎ የሚያበረታታው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ስንት ነገር ባገኘን።

መጽሔቱ በ2008 ቆመ። የአንባቢው መቀነስ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ የሽማግሌው ባለቤት በዚያ ዓመት ዐረፉ፥ የሚያጥፍም ጠፋ። ልጃቸው በኮምፒዩተር መቀጠል እንደሚቻል ነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሰማንያ መልካም ቍጥር ነው፥ ለአራትም ይካፈላል ብለው ዘጉት። የመጨረሻው ቁጥር የመጀመሪያ ገጽም እርማት ነው፤ አራት የቀን ስሕተትና አንድ የፊደል ግድፈት ይዟል።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ሒሳብ መመለስ ነበር። ብዙ አንባቢዎች ለሙሉ ዓመት ከፍለው ገና ያልደረሳቸው ቁጥር ስለ ነበረ፥ ካርዶቹን አንድ በአንድ አውጥተው ለእያንዳንዱ የሚገባውን ሒሳብ ሠሩ፤ ከሁለት ዶላር የማይበልጥ የሚደርሰውም ነበር፤ መላኪያው ቴምብር ከሚላከው ገንዘብ የበለጠባቸውም አሉ። ሁሉንም ላኩት። ከተላከውም ዐሥራ አንድ ፖስታ፥ ተቀባዩ አድራሻ ለውጧል ወይም አይገኝም ተብሎ ተመለሰ። ከነዚያ ሁለቱ ከጃፓን፥ አንዱ ከፖላንድ፥ የቀሩት ከአሜሪካ ናቸው። ፖስታዎቹ ሳይከፈቱ በላስቲክ ታስረው በሰማንያኛው ቁጥር ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል፤ በየፖስታው ጥግ የገንዘቡ ልክ በእርሳስ ተጽፎበታል።